ክብ ካርታ የጠፍጣፋ ምድር ማስረጃ አይደለም፤ ስለ ሄርፎርድ የዓለም ካርታ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በእንግሊዝ ምዕራብ፣ ከዌልስ ድንበር አጠገብ በምትገኘው ሄርፎርድ፣ በከተማዋ ካቴድራል፣ በ1300 ገደማ በአንድ የጥጃ ብራና ላይ የተሣለ የዓለም ካርታ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁመቱ 1.58፣ ወርዱ 1.33 ሜትር ያህል ነው። ለዕረፍት የሚመጡ ዘመዶቼን ወደዚያ እወስዳለሁ። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንሁ ግን ከካርታው ፊት ሁልጊዜ የሚሰነዘሩት አስተያየቶች ትዕግሥቴን ጨርሰውታል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «የዚያ ዘመን ሰዎች ምድር ጠፍጣፋ ትመስላቸው ነበር» የሚለው ነው። ባለፈው ነሐሴ አጎቴ፣ ብዙ ያነበቡ ሰው ናቸው፣ ገና መስታወቱን ሳይጠጉ «አየህ? ምድርን እንደ ምጣድ ነው የሣሏት» አሉኝ። ለእርሳቸው ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። በ735 ያረፈው እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ ምድር እንደ ጋሻ ሳይሆን እንደ ኳስ ድቡልቡል መሆኗን ጽፏል፤ ካርታው በተሣለበት ዘመንም ሳክሮቦስኮ የተባለው ሊቅ ስለ ሉል የጻፈው መጽሐፍ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደ መማሪያ ነበር። ክቡ የሚያሳየው ሰው የሚኖርበትን የታወቀውን የምድር ክፍል ብቻ ነው። በክፍል ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ካርታም ጠፍጣፋ ወረቀት ነው፤ ከእርሱ ተነሥቶ ምድር ወረቀት ትመስላለች የሚል ተማሪ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

አንዳንዶች አዱሊስን ጎብኝቶ ስለ አክሱም የጻፈልንን የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነጋዴ ኮስማስን ይጠቅሱልኛል። እውነት ነው፣ ኮስማስ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ ተከራክሯል፤ ሆኖም በግሪክኛ የጻፈው መጽሐፍ በላቲን ሲማር በኖረው ምዕራብ አውሮፓ ዘንድ የሚታወቅ አልነበረም። የመካከለኛው ዘመን ሰዎች ሁሉ እንደዚያ ያስቡ ነበር የሚለውን ወሬ በእጅጉ ያስፋፋው አሜሪካዊው ደራሲ ዋሽንግተን ኧርቪንግ በ1828 ያሳተመው የኮሎምበስ ታሪክ ነው።

«መንገደኛ እንዴት ይመራበት ነበር?» ለሚሉ፦ አይመራበትም ነበር። በዚያው ዘመን መርከበኞች ወደቦችን በጥንቃቄ የሚያሳዩ የባሕር ካርታዎች ነበሯቸው፤ ይህኛው የተሠራው የዓለምን ታሪክ ከገነት እስከ ዕለተ ፍርድ በአንድ ገጽ ለማሳየት ነው።

«ተገልብጧል» የሚሉም አሉ። አልተገለበጠም፤ ላዩ ምሥራቅ ነው። መቅደሱ ወደ ምሥራቅ በሚሠራበት፣ ምእመኑም ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሚጸልይበት አገር ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት ሊያስፈልገው ባልተገባ ነበር። እውነተኛው ስሕተት ሌላ ነው፤ የአፍሪካና የአውሮፓ ስሞች ቦታ ተለዋውጠው በወርቅ ቀለም ተጽፈዋል።

በደቡቡ ዳርቻ ፊታቸው ደረታቸው ላይ የሆነ ፍጥረታት ተሥለዋል። አንዲት የእኅቴ ልጅ «እኛን ነው የሳሉት?» ብላ አዝናለች። ስዕሉ አይከነክንም አልልም። ነገር ግን ካርታው በተመሠረተባቸው የጥንት ጽሑፎች ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ምድር ሁሉ ነበር፤ ፍጥረታቱም ከሮማውያኑ ከፕሊኒና ከሶሊኑስ መጻሕፍት የተቀዱ ናቸው፤ መሰሎቻቸው በምሥራቅና በሰሜን ዳርም አሉ።

ካርታው ከዋናው ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ አይገኝም፤ በ1996 በተከፈተው ሕንፃ ውስጥ፣ በሰንሰለት ከታሰሩት መጻሕፍት ጋር ነው። የመግቢያ ክፍያ ስላለው ሰዓቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ክፍሉ ብራናውን ለመጠበቅ ሲባል ደብዘዝ ያለ ነው፤ ዓይናችሁ እስኪለምድ ታገሡ። ከዚያ በስተቀኝ ወደ ላይ በቀይ ቀለም የተቀባውን ቀይ ባሕር ፈልጉና እስራኤላውያን የተሻገሩበትን መስመር ተከተሉ። ቀጥላችሁ መካከል ላይ ያለችውን ኢየሩሳሌምን ተጠግታችሁ ስታዩ፣ ክቡ ሲሠመር የኮምፓሱ እግር የወጋትን ቀዳዳ ታገኛላችሁ። በስተግራ ከታች ሄርፎርድ ራሷ በጎብኚዎች ጣት ተዳብሳ ልትጠፋ ደርሳለች።

አጎቴም መስመሩን በመስታወቱ ላይ በጣታቸው እየተከተሉ በምድረ በዳ ዞረው ዞረው ሙት ባሕር አጠገብ ሲደርሱ ድንገት ቆሙ። «የሎጥ ሚስት» አሉ በዝግታ፤ «ይኸው ወደ ኋላ ዞራ እያየች።» ከዚያ በኋላ ከዚያ ክፍል ለመውጣት አንድ ሰዓት ፈጀብን።