የሕፃናት ጥበቃ ሕግ ምንድን ነው?

የሕፃናት ጥበቃ ሕግ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው አጥፊ የሚቀጣበትን ችሎት ነው። ይሁንና የሕጉ ሰፊ ክፍል ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ የሚመለከት ሲሆን፣ ዓላማውም ልጅ ሳይጎዳ አስቀድሞ መድረስና የሚያሳድገው ቤተሰብ እንዳይፈርስ መደገፍ ነው። መሠረቱ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ነው፤ ልጅ የወላጆቹን ወይም በሕግ የሚያሳድጉትን ሰዎች እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ስለ እርሱ በሚወሰን ጉዳይም ደኅንነቱ በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል።

ዝርዝሩ በአብዛኛው የሚገኘው በቤተሰብ ሕግ ውስጥ ነው። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት በመሆኑ የሚሠራባት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሲሆን፣ ሐረሪ ክልል ግን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። በአዋጁ መሠረት ልጁን የሚንከባከበው አሳዳሪ፣ ንብረቱን የሚያስተዳድርለት ደግሞ ሞግዚት ይባላል፤ አባትና እናት በጋብቻቸው ጸንተው ሳሉ ሁለቱንም ሥልጣን በጋራ ይይዛሉ። ሁለቱም ሞተው በኑዛዜ የሾሙት ሰው ከሌለ ኃላፊነቱ በቅድሚያ ወደ አያቶች ያልፋል። ስለዚህ በድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን የልጅ ልጆቿን የያዘች አያት ሕግ የሚያውቃት አሳዳሪ እንጂ በችሮታ የምታበላ ዘመድ ብቻ አይደለችም፤ የቀበሌ ደብዳቤና ምስክሮች ይዛ ፍርድ ቤት የምትቀርበውም ይህንኑ ለማረጋገጥ ነው።

ማስረጃው ግን ምሳ አይሆንም። ድሬዳዋና ሐረር የከተማ ሴፍቲኔት መጀመሪያ ከተተገበረባቸው 11 ከተሞች መካከል ሲሆኑ፣ በዚህ ፕሮግራም መሥራት የሚችል ድሃ በአካባቢ ልማት ሥራ፣ አቅም የሌለው ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ ገንዘብ ያገኛል። ሴፍቲኔት የሕፃናት ሕግ ተብሎ ባይጠራም እኔ ከዚያው እቆጥረዋለሁ፤ ልጅን ከትምህርት ገበታ አንሥቶ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ዕቃ የሚያሸክመው ብዙውን ጊዜ የወላጅ ክፋት ሳይሆን ማጣት ነውና።

ሕጉ ክፍተትም አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 በእጁ ያለን ልጅ የሚበድል፣ ቸል የሚል፣ ከአቅሙ በላይ የሚያሠራ ወይም የሚደበድብ ሰውን ይቀጣል፤ ልጅን በአግባቡ ለማሳደግ የሚወሰድና ሕግን የማይቃረን የእርማት እርምጃን ግን አይነካም፣ የዚህ እርምጃ ወሰን የት እንደሆነም አይናገርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅን መቅጠር ቢከለክልም የቤት ሠራተኝነትን አይሸፍንም፤ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት ለገባች የ13 ዓመት ልጅ በዋናነት የሚደርስላት ያው አንቀጽ 576 ነው፤ እርሱም የሚሠራው ጎረቤት ወይም መምህር አይቶ ሲያመለክት ነው።