የበቆሎ ዝርያ ማሻሻያ ምርምር እና የጎንደር አካባቢ አዝመራ

በቆሎ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል «የባሕር ማሽላ» እየተባለም ይጠራል፤ ስሙ ራሱ ሰብሉ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ መሆኑን ይመሰክራል። የዱር ዘመዱ ቴኦሲንቴ የተባለው የሜክሲኮ ሣር ሲሆን፣ የአካባቢው ገበሬዎች እያላመዱ ዛሬ የምናውቀውን በቆሎ ማስገኘት የጀመሩት ከ9,000 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። በጎንደር ዙሪያ በቆሎ በብዛት የሚበቅለው በደምቢያ፣ በጣቁሳ፣ በአለፋና በጭልጋ ወይና ደጋ መሬቶች ነው፤ ወደ ዳባትና ወገራ ሲወጣ ገብስና ስንዴ፣ ወደ መተማ ሲወረድ ደግሞ ማሽላና ሰሊጥ ቦታውን ይይዛሉ።

ተክሉ ለአዳቃዮች የተመቸ ነው። ወንዴው አበባ ከአገዳው ጫፍ ላይ ይወጣል፤ ሴቴው ጎን ላይ ባለው ራስ ውስጥ ሆኖ ጸጉሩን ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ ጸጉርም ወደ አንዲት ፍሬ ይመራል። ተመራማሪው ጸጉሩ ብቅ ሳይል ራሱን በትንሽ ከረጢት ይሸፍናል፤ ወንዴውን አበባም በወረቀት ከረጢት ያስረውና በማግስቱ ረፋድ ላይ አራግፎ የሰበሰበውን የአበባ ዱቄት በጸጉሩ ላይ ይነሰንሳል። ተክሉ በራሱ ዱቄት ለበርካታ ትውልድ ሲራባ እየቀጨጨ ይሄዳል፤ ነገር ግን እንዲህ ከቀጨጩ ሁለት የተለያዩ የዘር መስመሮች የሚወለደው ዲቃላ ከወላጆቹ እጅግ ይበረታል። ይህን አሜሪካዊው ጆርጅ ሻል በ1908 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አሳውቋል። ብርታቱ ግን የመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ ገበሬው ካመረተው ላይ ለዘር ቢያስቀር ምርቱ በቀጣዩ ዓመት ይቀንሳል። ምርጥ ዘር በየዓመቱ መገዛት ያለበት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ዘሩ በወቅቱ ካልደረሰ ወይም ዋጋው ከናረ የምርምሩ ፍሬ ከማሳው አይደርስም።

በኢትዮጵያ የዲቃላ በቆሎ ምርምር ማዕከል በምዕራብ ኦሮሚያ ያለው ባኮ ነው። ቢኤች-660 በ1993፣ ቢኤች-540 በ1995፣ ድርቅን በተሻለ የሚቋቋመው ቢኤች-661 ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ተለቅቀዋል፤ «ቢኤች» የሚለውም ባኮ ሃይብሪድ ማለት ነው። ከማዳበሪያና ከኤክስቴንሽን ሥራ ጋር ተደምረው፣ በ1990 እ.ኤ.አ. በሄክታር 16 ኩንታል ገደማ የነበረው አገራዊ አማካይ ምርት በ2013 ከ30 ኩንታል በላይ ደርሷል።

ለጎንደር ግን ትልቁ ጥያቄ የኩንታሉ ብዛት አይመስለኝም። ቢኤች-660 ቁመቱ ረዥም፣ ለመድረስም 160 ቀናት ያህል የሚፈልግ ነው፤ የጎንደር ዋናው ዝናብ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከፍታው ሲጨምርና አየሩ ሲቀዘቅዝ ሰብሉ ይበልጥ ይዘገያል፤ ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። መልካሳ የተባሉት ፈጥነው የሚደርሱ ዝርያዎች የተዘጋጁት ዝናብ ለሚያጥራቸው ዝቅተኛ ቦታዎች ሲሆን፣ አምቦ ላይ የተሠሩት እንደ ጅባት ያሉት ደግሞ ለደጋ ናቸው። ስለዚህ አንድ ዝርያ ባኮ ላይ ያሳየው ውጤት ለደምቢያ ዋልካ መሬት ዋስትና አይሆንም፤ በየወረዳው ማሳ ላይ መሞከር አለበት።

የበቆሎ የዘር ቅንብር በ2009 እ.ኤ.አ. ተነብቦ ከ32,000 በላይ ጂኖች እንዳሉት ታውቋል። ኦፔክ-2 የተባለው ጂን የላይሲንና የትሪፕቶፋን መጠን ከፍ ስለሚያደርግ፣ በቆሎ ለሚያዘወትሩ ሕፃናት የተሻለ ፕሮቲን ያላቸውን ዝርያዎች ማዳቀል አስችሏል። ሥራው ግን በምርትና በምግብ ይዘት አያበቃም፤ ሥር እየመጠጠ ሰብል የሚያቀጭጨው አቀንጭራ እና በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የገባው መጤ ተምች ለአዳቃዮች የቆሙ ፈተናዎች ናቸው።

በጓሮ የሚዘራው የአገር በቆሎ በበኩሉ አልጠፋም። ቀድሞ ለእሸት ስለሚደርስ ይፈለጋል፤ ለዘር የተመረጠው ራስም ከነሽፋኑ እየታሰረ፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው ከምድጃው በላይ ጭስ በሚያገኝበት ቦታ ይሰቀላል።