የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል

ይህቺን ምሳሌ የምንጠቅሳት ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ሰውየው «ይሄ ልጅ አንድ ቀን ጉድ ይሠራኛል» ሲል ይከርማል፤ ልጁ የምር ጉድ ሲሠራው ጎረቤት «አይ፣ የፈሩት ይደርሳል» ይላል። የጠሉት ይወርሳል የሚለው ደግሞ ከውርስ የመጣ አነጋገር ነው፦ ዓይኑን ማየት የማትፈልገው ሰው ንብረትህን ይረከባል፣ ወይም የሸሸኸው ነገር ራሱ አንተው ላይ ይሰፍራል።

እኔ ግን የምሳሌዋ ጉልበት ከመድረሱ በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው እላለሁ። ይህን እንደ ፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ያሳየ የለም። ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ትሩፎ ነገሩን በቦምብ አስረድቶታል። ጠረጴዛ ሥር ያለው ቦምብ ሳናውቅ ቢፈነዳ የምንደነግጠው ለ15 ሰከንድ ነው። እንዳለ ቀድመን ካወቅን ግን ሰዎቹ ተራ ወሬ ሲያወሩ እኛ 15 ደቂቃ ሙሉ እንጨነቃለን።

በ1954 የሠራውን «ሪር ዊንዶው» የሚባለውን ፊልም እዩት። ተዋናዩ ጄምስ ስቱዋርት እግሩ ተሰብሮ በጀሶ የታሰረ ፎቶግራፈር ነው። ዊልቼር ላይ ቁጭ ብሎ በመስኮት ጎረቤቶቹን ያያል፤ አንደኛው፣ ቶርዋልድ የሚባለው፣ ሚስቱን ሳይገድል አልቀረም ብሎ ይጠረጥራል። ካሜራው ከሱ ክፍል ብዙም ስለማይወጣ እኛም አብረነው ታስረናል። ፍርሃታችን አንድ ነው፦ ሰውየው ቀና ብሎ ቢያየንስ?

ከዚያ የፎቶግራፈሩ ፍቅረኛ ሆና የምትጫወተው ግሬስ ኬሊ ማስረጃ ፍለጋ ቶርዋልድ ቤት ትገባና ትያዛለች። ፖሊሶች ሲደርሱ የሟቿን ቀለበት ጣቷ ላይ አድርጋ፣ እጇን ወደ ኋላ መልሳ በመስኮት ለሚያያት ፎቶግራፈር በምልክት ታሳያለች። ቶርዋልድ ጣቷን ያያል። ቀስ ብሎ ዓይኑን ያነሳል፣ ቀጥታ ወደ ካሜራው፣ ወደ እኛ። ደረሰ! ቀጥሎ ከባድ የእግር ኮቴ ደረጃው ላይ ይሰማል፣ በበሩ ሥር የሚታየው ብርሃን ይጠፋል፣ ፎቶግራፈሩ እጅ ላይ ያለው የካሜራ ፍላሽ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰውየውን ለጥቂት ሰከንድ ዓይኑን ያጭበረብረዋል እንጂ አያስቆመውም። በመጨረሻ ፎቶግራፈሩ ከመስኮት ይወድቃል። ያን ሁሉ ጊዜ የተማረረበት ጀሶ አሁን ሁለቱንም እግሮቹን ወረሰ።

ሂችኮክ በዚህ ፊልም ለምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ታጭቶ ነበር። በጠቅላላው አምስት ጊዜ ታጭቶ አንዴም አላገኘውም፤ ይሄ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም።