ቪቲ ምንድን ነው? ከሀርት አታክ በኋላ የሚመጣው ፈጣን የልብ ምት

ቪቲ የቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ አጭር ስም ነው። የልብ ምት እንደ ወትሮው ከላይኛው የልብ ክፍል መነሳቱ ቀርቶ ከታችኛው ሲነሳና በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ቪቲ ይባላል። ሦስት እንዲህ ያሉ ምቶች ከተከታተሉ ስሙን ለማግኘት ይበቃሉ። ከ30 ሴኮንድ በላይ ከቆየ ወይም ሰውየውን ከጣለው ግን ቀልድ የለም።

በሀርት አታኩ የመጀመሪያ ሰዓታት ደም የተቋረጠበት ጡንቻ ይረበሻል። ያኔ ይበልጥ የሚፈራው ልብ ደም መርጨቱን ትቶ እንዲሁ የሚንቀጠቀጥበት ፋይብሪሌሽን ነው። ከሳምንታት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ቪቲ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጠባሳ ሥራ ነው። በሞተው ጡንቻ ቦታ ጠባሳ ይተካል፤ በጠባሳው መሃል ደግሞ በሕይወት የተረፉ ቀጫጭን የጡንቻ ክሮች ይቀራሉ። የኤሌክትሪክ ምልክቱ በእነሱ ውስጥ እየተንቀራፈፈ ያልፋል። ሲወጣ አርፎ የሚጠብቅ ጡንቻ ስለሚያገኝ ዞሮ ተመልሶ ይገባል። በዞረ ቁጥር ልብ አንዴ ይመታል።

ምርመራው የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢሲጂ ነው። ምልክቱ በለመደው መንገድ ስለማይሄድ የእያንዳንዱ ምት ቅርጽ ይሰፋል፤ 120 ሚሊሴኮንድና ከዚያ በላይ ይሆናል። የላይኛውና የታችኛው ክፍል ሳይጠባበቁ በየራሳቸው ሲመቱ ከታየ ጥርጣሬው አለቀ።

ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ግን በሽተኛውን አይተው ነው። ልቡ በደቂቃ 170 እየመታ ተቀምጦ ያወራል፣ የደም ግፊቱም አልወረደም። «ይሄማ ቪቲ ቢሆን ይወድቅ ነበር» ይባላል። አይደለም! ቪቲ ይዞት የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ሀርት አታክ የነበረበት ሰው ሰፊና ፈጣን ምት ካሳየ፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ቪቲ ነው። ከላይ የመጣ ምት መስሏቸው ቬራፓሚል የተባለውን መድኃኒት ቢወጉት ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

ሕክምናው እንደ ሁኔታው ነው። የደም ትርታ ከሌለው ደረቱን መጫንና ወዲያው የኤሌክትሪክ ሾክ መስጠት። ትርታ ኖሮት ግፊቱ ከወረደ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ከምቱ ጋር የተናበበ ሾክ ይሰጠዋል። ከተረጋጋ እንደ አሚዮዳሮን ያለ መድኃኒት በደም ሥር ይሞከራል፤ አዋቂ ሲሆን የተለመደው መነሻ 150 ሚሊግራም በ10 ደቂቃ ነው። ፖታሲየምና ማግኒዚየም ካነሱ ይሞላሉ። ልብን የሚመግበው ደም ሥር እንደገና ተዘግቶ እንደሆነም ይታያል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የመከላከሉ ታሪክ ነው። ከሀርት አታክ በኋላ ጣልቃ የሚገቡ ትርፍ ምቶች የአደጋ ምልክት ናቸው። ታዲያ ምቶቹን ካጠፋን ሰው ይድናል ተባለ። ካስት የተባለው ጥናት ይህን ሊያረጋግጥ ተነሳ። ፍሌካይናይድና ኢንካይናይድ ትርፍ ምቶቹን ጸጥ አደረጓቸው፣ ኢሲጂው አማረ። ሰው ግን አስመሳይ ኪኒን ከወሰዱት ይልቅ በብዛት ሞተ። በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሁለቱ መድኃኒቶች ሙከራ እንዲቆም ተደረገ።

ዛሬ መሠረቱ ቤታ ብሎከር የተባለው ልብን የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው። የልቡ ደም የመርጨት አቅም (በአንድ ምት ከያዘው ደም የሚያስወጣው) 35 በመቶና ከዚያ በታች ሆኖ ለቀረ ብዙ ሰው አይሲዲ ይቀበርለታል፤ ቪቲ ሲነሳ አውቆ የሚያቆም፣ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ መሣሪያ ነው። ለመከላከል ሲሆን ከሀርት አታኩ በኋላ ቢያንስ 40 ቀን ይጠበቃል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የወጣው ዲናሚት የተባለ ጥናት ቶሎ መቅበሩ በጥቅሉ ሞትን እንደማይቀንስ አሳይቷልና። አይሲዲ ቪቲን እንዳይነሳ አያደርግም። እየተመላለሰ ካስቸገረ፣ በደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በጠባሳው ውስጥ ምልክቱ የሚዞርበትን መንገድ አቃጥሎ መዝጋት ይቻላል።

አይሲዲ ያለው ሰው አንድ ሾክ መትቶት ደህና ከሆነ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይደውል። ሾኩ ከደገመው ወይም ደህና ካልመሰለው ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፤ መኪናውንም ሌላ ሰው ይንዳለት።