የማደያ የደህንነት ርቀት ምንድን ነው?

የደህንነት ርቀት ማለት ከነዳጅ መቅጃው፣ ከመሬት ውስጥ ታንከሩ መሙያ አፍና ከመተንፈሻ ቧንቧው አንስቶ እስከ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ድረስ ምንጊዜም ክፍት ሆኖ መቆየት ያለበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው ርቀቱ የተቀመጠው አንዴ የተነሳ እሳት እንዳይዛመት ብቻ ይመስለዋል፤ ዋናው ጉዳይ ግን ከእሳቱ በፊት የሚመጣው እንፋሎት ነው።

ናፍጣ የሚቀጣጠል እንፋሎት ለመስጠት ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቅ ሲኖርበት፣ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ ይተናል። እንፋሎቱ ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ቦይና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ከአየር ጋር ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ያህል ሲቀላቀል ደግሞ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ለምሳሌ አዳማ በኮረብቶች መካከል የተኛች፣ በክረምት ጎርፍ የሚያስቸግራት ከተማ በመሆኗ፣ ለማደያ ቦታ ሲመረጥ የአስፋልቱን ስፋት ብቻ ሳይሆን የፍሳሽ ቦዩ ወደ የትኛው ሰፈር እንደሚወርድም ማየት ያስፈልጋል። ነፋሷ እንፋሎቱን ይበትናል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ነፋስ በሌለበት ማለዳም ቦቴ ይራገፋል።

አደገኛው ሰዓትም ይኸው ቦቴ የሚራገፍበት ነው። 10,000 ሊትር ቤንዚን ወደ ታንከሩ ሲገባ፣ ያንኑ የሚያህል እንፋሎት ያዘለ አየር፣ ወደ ቦቴው የሚመልሰው ቱቦ ከሌለ፣ በመተንፈሻ ቧንቧው ይወጣል። ሠራተኛው ቱቦውን ከመግጠሙ በፊት የመሬት ሽቦውን የሚያስረው የስታቲክ ኤሌክትሪክ ብልጭታ እንዳይነሳ ነው። ቧንቧው የቆመው ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባ አጥር ጥግ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ከሰል አቀጣጥላ ቡና የምትቆላ ሴት ካለች፣ የመሬት ሽቦው እሷ ጋ ያለውን ፍም አያጠፋውም።

በእኔ እይታ ትልቁ ስህተት ርቀቱን የማደያው ባለቤት ግዴታ ብቻ አድርጎ መቁጠር ነው። ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ የተተከለ ማደያ ከዓመታት በኋላ ሱቅና ኮንዶሚኒየም ሲከቡት፣ እሱ ካለበት ሳይነቃነቅ ርቀቱን ከተማው ይበላዋል፤ ስለዚህ በርቀቱ ውስጥ ያለመገንባት ክልከላው በአጎራባች ይዞታዎች ፕላን ላይም መስፈር አለበት። ቤንዚን ሲጠፋ የሚረዝመው የባጃጅ ሰልፍም ቢሆን ቦቴው ወደ ኋላ ሳይል ፊት ለፊት የሚወጣበትን መንገድ እንዳይዘጋ፣ መቆሚያው ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ ሊካተት ይገባል።