ብስባሹ አይሸትም፤ የሚሸተው አሠራራችን ነው

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የብስባሽ (የኮምፖስት) አሠራር ማሠልጠን ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ገና ግማሽ ሰዓት ሳናገር አንዱ እጁን ያወጣና «ይሸታል እኮ!» ይላል። ጎኑ ያለው «አይጥም ይጠራል» ብሎ ይጨምርለታል። ሦስተኛው «እኛም ሞክረነዋል፣ ምንም አልወጣው» ብሎ ይዘጋዋል። ሰለቸኝ። እስቲ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ከሽታው በፊት በየሥልጠናው የምሰማቸውን ሌሎች አባባሎች፣ ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ሰርኩላር ኢኮኖሚ፣ ያገለገለውን ሳይጥሉ መልሶ መጠቀም፣ ፈረንጅ ያመጣው ነው።» ስሙን ነው ያመጣው። ያረጀ ልብስ ወስዶ ሳህን የሚሰጠው ልዋጭ፣ «ቆራሌው!» እያለ ብረትና ጠርሙስ የሚገዛው ልጅ፣ ከመኪና ጎማ የሚቆረጠው በርባሶ፣ ለላሟ የሚቀርበው የጠላ አተላ ሌላ ምንድን ነው?

«ፌስታል ከመጣል ማቃጠል ይሻላል።» አይሻልም፤ ጭሱን የሚምጉት የራሳችሁ ልጆች ናቸው። ገበያ ስትወጡ ዘንቢል ያዙ፣ ባዶ ሃይላንዱን ለቆራሌ ስጡ።

«ዕቃ ሁሉ ታጥቦ ያገለግላል።» ይቺኛዋ ታስደነግጠኛለች። አንድ ቤት ቡና ተጠርቼ፣ መደርደሪያው ላይ የኑግ ዘይት የተሞላ ጠርሙስ አየሁ። ወረቀቱ ግማሹ ተልጧል፤ የቀረው ግማሽ ላይ የራስ ቅል ሥዕል አለ። የፀረ አረም ዕቃ! «በአመድ ፈትጌ አጥቤዋለሁ» አሉኝ የቤቱ እመቤት። የፀረ አረምና የፀረ ተባይ ዕቃ አሥር ጊዜ ቢታጠብም ምግብ አይያዝበትም። ብሱትና ከአገልግሎት ውጪ አድርጉት።

አሁን ወደ ሽታው።

ብስባሽን የሚያበስሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አየር ይፈልጋሉ። አየሩን ውኃ ሲነጥቃቸው ይሞታሉ፤ ያለ አየር የሚኖሩት ይተኳቸዋል። እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ያኔ ነው። የኛ ሰው ደግሞ በሐምሌ ጉድጓድ ይቆፍርና የድንች ልጣጩን፣ የሽንኩርቱን፣ የቡና አተላውን ይደፋበታል። የጎጃም ክረምት የቀረውን ይጨርሰዋል። ጉድጓድ የበጋ ነው፤ በክረምት መሬት ላይ ነው የሚከመረው። ይህን ስንቴ ተናገርኩ!

ቡሬ ያሉት አክስቴ አንድ ክረምት ደወሉልኝ፤ «አንተ ልጅ፣ ትምህርትህ ከጎረቤት አጣላኝ!» ሄድኩ። ጉድጓዱ ጥቁር ውኃ ሞልቶ ልጣጭ ይዋኝበታል። አንድም ደረቅ ነገር የለበትም። ሸሚዜን አውልቄ በአካፋ አወጣሁት። አጥሩ ሥር ካለፈው መኸር የተረፈ የበቆሎ አገዳ ቆራርጬ አንድ ስንዝር አነጠፍኩ። በላዩ ያወጣሁትን፣ ከዚያ ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያ እበት፣ ከዚያ ስስ አፈር፤ እንደገና ከአገዳው ጀምሬ ደረብኩ። መሐሉ ላይ አንድ ረጅም ዱላ ተክዬ ዝናብ እንዳይገባው በሣር ከደንኩት።

በሳምንቱ ዱላውን መዝዤ ለአክስቴ ሰጠኋቸው። ጫፉን ጨበጥ አድርገው «ውይ! ምጣድ ነው እንዴ?» ብለው ጣሉት። ሽታው የለም።

ቴርሞሜትር አትግዙ፤ ዱላው ይበቃችኋል። ሞቆና ወርዝቶ ከወጣ ደህና ነው። ቀዝቅዞ ደረቅ ከሆነ ውኃ አርከፍክፉ። ቀዝቅዞ ጭቃ ይዞ ከወጣና ከሸተተ ገልብጡት፣ ደረቅ ጨምሩበት። ከዚያ ሦስት አራት ወር መታገሥ ነው፤ በሦስተኛ ሳምንቱ ከፍቶ «አልሠራም» የሚለኝ ሰው አለ።

አይጥ የሚመጣው ለወጥ ፍርፋሪና ለአጥንት ነው። እሱን ለውሻው ስጡት።

«ደረቁን ከየት እናምጣ? ጭዱ ለከብት ነው» ትሉኛላችሁ። ጭዱን ማን ነካው! የወዳደቀ ቅጠል፣ አገዳ፣ የአጥር ቁርጥራጭ ይሆናል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታብዙ፤ ቶሎ አይበሰብስም። አመድም ቢሆን በእፍኝ እንጂ በቁና አይደለም፤ ሲበዛ ሰብሉን የሚመግበውን የእበቱን ናይትሮጅን ጋዝ አድርጎ ያባርረዋል። የተረፈውን አመድ በቀጥታ ማሳው ላይ በትኑት፤ አሲዳማው መሬታችን ይወደዋል።