ቁፋሮ፣ ቱቦና ፈቃድ፦ መሃል አዲስ አበባ ላይ ግንባታ ሲጀመር

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ የለም። በዓመት ከሚጥለው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ውሃው በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንትይቀጡና በቁርጡሜ አድርጎ ወደ አቃቂ ይሄዳል። ስለዚህ ፒያሳም ሆነ ካዛንችስ የሚገነባ ሰው ሁልጊዜ ሁለት ጎረቤት አለው፤ ከላይ ሆኖ ውሃ የሚልክበትና ከታች ሆኖ የእሱን ውሃ የሚቀበል።

አንዳንድ የበረሃ ከተሞች የዝናብ ውሃን ነገር ጠበቅ አድርገው ይዘውታል። አሜሪካ ያለችው ፊኒክስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግን እዚያ መሬት ለመደልደል ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠየቃል። ግቢ ላይ የወረደውን ውሃም እዚያው ይዞ ማቆየት ግዴታ ነው። እኛ ጋ ቁፋሮው፣ ሙሌቱና የዝናብ ውሃው በአብዛኛው ከግንባታ ፈቃዱ ጋር አብረው ነው የሚታዩት። ለዚህም ይመስለኛል ማንም ልብ ብሎ የማያያቸው።

የፈቃዱ መሠረት የተጣለው በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው። ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ወይም ፋብሪካ የሆነ ሕንፃ ምድብ ሐ ተባለ። መሃል ከተማ ላይ የሚነሳው ፎቅ ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ይወድቃል። መንገዱ የታወቀ ነው። ካርታ ተይዞ የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ ይጠየቃል። ከዚያ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪ (የውሃና የፍሳሽ መስመር) እና የኤሌክትሪክ ዲዛይን ይገባል፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። ሥራው በየደረጃው ይፈተሻል፣ በመጨረሻም የመጠቀሚያ ፈቃድ ይመጣል።

የዝናቡ ጉዳይ ያለው ሳኒተሪው ወረቀት ላይ ነው። ሁለት መስመር አለ። አንዱ የሽንት ቤትና የማድ ቤት ፍሳሽ ነው፤ ወደ ውሃና ፍሳሽ መስመር ወይም ወደ ሴፕቲክ ታንክ ይሄዳል። ሌላው ከጣሪያና ከግቢ የሚመጣ የዝናብ ውሃ ነው፤ ወደ መንገዱ ቱቦ ይወጣል። ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም። ክረምት ላይ ማንሆል ክዳኑን ገፍቶ ሽታው ሰፈሩን ሲሞላው ካያችሁ ግን ብዙ ጊዜ ተቀላቅለዋል ማለት ነው።

መጠኑን ቀለል አድርገን እንየው። 500 ካሬ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 15,000 ሊትር ይሆናል። ሰባ አምስት በርሜል! ቦታው ሣርና አፈር ሳለ ከፊሉ ይሰርጋል። ኮንክሪትና ቴራዞ ሲሆን ግን ሁሉም ወደ በሩ ይሮጣል። ስለዚህ ዲዛይን ከመጀመሩ በፊት ሰርቬየሩ (የመሬት ልኬት ባለሙያው) የመንገዱ ቱቦ ወለል ስንት ላይ እንዳለ መለካት አለበት። ሳይት ላይ «ዜሮ ዜሮ» የሚባለው የምድር ወለል ከፍታ የሚወሰነው ይህ ታይቶ ነው። ውሃ ሽቅብ አይሄድም። ዜሮ ዜሮው ዝቅ ብሎ ከተያዘ ሕንፃው ዕድሜ ልኩን በፓምፕ ይኖራል።

ቁፋሮው ሌላ ጣጣ አለው። በ500 ካሬ ላይ ለሁለት ቤዝመንት ሰባት ሜትር ቢቆፈር 3,500 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። የተቆፈረ አፈር ደግሞ ያብጣል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ከ250 ምልልስ በላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የጎረቤትን መሬት የሚያናጋ ቁፋሮ ከ1952 ጀምሮ ይከለክላል። ለዚህ ነው የጉድጓዱን ግድግዳ በሾሪንግ (በድጋፍ) ወይም በፓይል (መሬት ውስጥ በጥልቀት በሚተከል ምሰሶ) መያዝ የሚያስፈልገው። የመሃል ከተማ አሮጌ የጭቃ ቤት በተለይ አይታመንም፤ ሥሩ ትንሽ ከረጠበ ይሰነጠቃል። ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ የሚገኘው ጥቁር አፈር የባሰ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተቆርጦ ይጣልና በገረጋንቲ፣ ማለትም በማያብጥ የሙሌት አፈር፣ ይተካል።

ጥሩው የቁፋሮ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። ሐምሌ ላይ የተከፈተ ጉድጓድ ኩሬ ይሆናል። አንድ ሳይት ላይ ያየሁት አሁንም ይታወሰኛል። ፓምፑ ቡናማ ውሃ በቆርቆሮው አጥር ሥር ወደ ቱቦው ይተፋል። ከሳምንት በኋላ ቱቦው በደለል ሞልቶ ጎርፉ ታች ያለች ሱቅ ገባ። ባለሱቋ የጤፍ ከረጢቶቿን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ በመጥረጊያ ትታገል ነበር። መፍትሔው ከባድ አልነበረም፤ ውሃው መጀመሪያ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ቢረጋ ጭቃው እዚያው ይቀር ነበር።

የመጨረሻው ፍተሻ ጥር ላይ ከዋለ ሁሉም ቱቦ ደረቅ ነው፣ ሁሉም ቱቦ ጥሩ ይመስላል። አንድ የማውቀው ፎርማን መላ አለው። ከርክክቡ በፊት አንድ ቦቴ ውሃ አስመጥቶ ጣሪያው ላይ ያስለቅቃል። ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ በር ላይ ይቆማል፣ ውሃው በየት እንደሚመጣ እያየ።